ለከተማ ወሰን ማበጀት፤ የነገን ቤትና የነገን ሥራ ዛሬ ስለ ማሰብ



ከተማ ልክ አለውን? ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ከመጣሉ በፊት የግቢውን ስፋት ይለካል፤ ገበሬ የእርሻውን ድንበር ያውቃል፤ አገርም ጠረፍ አለው። ከተማ ግን ብዙውን ጊዜ «እስከዚህ ነው» የሚለው ሳይኖር እንደ ፈሰሰ ውኃ ወደ ቀለለው አቅጣጫ ሁሉ ሲሄድ እናያለን። ትናንት ጤፍ ይታጨድበት በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ የብሎኬት ክምር ይታያል፤ ነገ አጥር ይታጠርበታል፤ ከነገ ወዲያ ሰፈር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለከተማ እድገት አስቀድሞ ወሰን ማበጀት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ሸክሙ የሚያርፈው በማን ትከሻ ላይ ነው?

ጉዳዩ የመሐንዲሶችና የሹማምንት ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መስመሩ የሚያልፈው በሰው ማሳ፣ በሰው ጎጆና በልጆች የወደፊት ኑሮ ላይ ስለሆነ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ስለዚህም የሁላችንም ነው።

ወሰን ስንል ምን ማለታችን ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። የከተማ እድገት ወሰን ማለት የአስተዳደር ድንበር ማለት አይደለም። የአስተዳደር ድንበር ግብሩን ማን እንደሚሰበስብና ማን እንደሚያስተዳድር ይወስናል። የእድገት ወሰን ግን በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ቤት፣ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ የሚሠራው እስከ የት እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እርሻም እርሻ፣ ደኑም ደን ሆኖ እንዲቆይ የሚናገር መስመር ነው። ግንብ አይደለም፤ ሰውን ከመግባትና ከመውጣት አያግድም። የሚያግደው ሕንፃ ያለ ውኃ፣ ያለ መንገድና ያለ ሥርዓት በየሜዳው እንዳይበተን ነው።

ሐሳቡ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ለሌዋውያን በተሰጡት ከተሞች ዙሪያ የከብት ማሰማሪያ እንዲተው ታዝዟል፤ ስፋቱም በክንድ ተለክቶ ተነግሯል። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 25 በከተሞቹ ዙሪያ ያለው ይህ መስክ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከዚህ የምንረዳው ከተማና መስክ እርስ በርሳቸው እንዲተጋገዙ አብረው መሰጠታቸውን ነው። መስኩን የዋጠ ከተማ የራሱን ማዕድ ውጧል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. ታላቋ ለንደን በአረንጓዴ ቀበቶ ተከብባ እንድትቆይ ያቀዱት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ተጠይቀው ለአዲስ አበባም ፕላን አዘጋጅተው ነበር። ያ ፕላን በአብዛኛው በወረቀት ላይ ቢቀርም፣ ጥያቄው ወደ አገራችን ከገባ ከሰባ ዓመት በላይ መሆኑን ያስታውሰናል።

መቁጠር ይቀድማል

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,112,737 ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ደግሞ 2,739,551 ሆኖ ተገኘ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ሳለ ተራዘመ። ከተማዋ ግን ማደጓን ለአንድ ቀንም አላራዘመችም።

ይህን ያነሣነው ለመውቀስ ሳይሆን፣ ወሰን ማበጀት ከመቁጠር የሚጀምር መሆኑን ለማሳየት ነው። ወሰኑን የሚያሰምር ሰው በቅድሚያ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ቤተሰብ ይጨመራል? ለእነርሱ ስንት ቤት ያስፈልጋል? ከቤቶቹ ውስጥ የቀን ሠራተኛው፣ መምህሩና ጡረተኛው ሊከፍሉት የሚችሉት ስንቱ ነው? ሥራውስ የት ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ ዳርቻ እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ ስፍራዎች ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ተሠርተዋል። ብዙ ቤተሰብ ከኪራይ አውጥተው የቤት ባለቤት ስላደረጉ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የብዙዎቹ ነዋሪዎች እንጀራ በመሀል ከተማ ስለቀረ፣ አባትና እናት ከንጋት በፊት ወጥተው ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ይመለሳሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ፋብሪካዎች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ሲከፈቱ፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ከደመወዛቸው ጋር የሚመጣጠን ማደሪያ አጥተው በአንዲት ጠባብ ክፍል አራትና አምስት ሆነው ይከራያሉ። ቤት ያለ ሥራ፣ ሥራም ያለ ቤት ሲታቀድ የተጓደለውን በእግሩ፣ በእንቅልፉና በጤናው የሚሞላው ድሃው ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው የኦሬገን ክፍለ ግዛት፣ ቶም ማኮል አገረ ገዢ በነበሩበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. አንድ ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ ከተማ ለእድገቱ ወሰን እንዲያበጅ ተደረገ። መነሻው ለም የሆነው የዊላሜት ሸለቆ እርሻ በቤቶች እየተዋጠ መሄዱ ነበር። የፖርትላንድ አካባቢ ወሰንም እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ተሰመረ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ወሰኑ ለሃያ ዓመት የሚበቃ የመኖሪያ መሬት እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል፤ ለሥራ የሚሆነው መሬትም ለብቻው ይሰላል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ለዘለዓለም የታተመ አይደለም፤ በፖርትላንድ አካባቢ ቢያንስ በየስድስት ዓመቱ ስሌቱ ታድሶ፣ ካስፈለገ ወሰኑ ይሰፋል። ሦስተኛ፣ በዚያው አካባቢ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ የትኛው መሬት ወደፊት ከተማ ሊሆን እንደሚችልና የትኛው በእርሻነት እንደሚቆይ ተለይቶ ተመድቧል። ገበሬው ዛሬ የሚተክለው ዛፍ ለልጁ ጥላ ይሆን ወይም ለግሬደር ይተርፍ እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ሲባል ነገሩ እንከን የለሽ ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የፖርትላንድ ወሰን በአንድ ጊዜ ከሰባት ሺህ ሄክታር በላይ ሰፍቶ ነበር። በተጨመረው መሬት ላይ ደማስቆ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ተመሠረተች። ነገር ግን አቀበትና ቁልቁለት በበዛበት በዚያ ስፍራ መንገድ፣ ውኃና የፍሳሽ መስመር የሚያስገባ ገንዘብና ስምምነት ታጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከተማነቷ እንዲቀር ድምፅ ሰጡ። መሬትን በካርታ ላይ ማቅለም ቤት መሥራት አይደለም። በፖርትላንድ የቤት ዋጋም እጅግ ጨምሯል፤ የወሰኑ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክፍለ ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ተወስነው በነበሩ የከተማ ቦታዎች ላይ ሁለትና ከዚያም በላይ ቤተሰብ የሚይዙ ቤቶች እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ወደ ውጭ መስፋትን የከለከለ፣ በውስጥ ቦታ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ተረድታለችና።

መስመሩ በማን ላይ ያርፋል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እምብርት እንግባ። አንድ መስመር ሲሰመር አራት ዓይነት ሰዎች ይነካሉ፤ ሚዛኑ ትክክል የሚሆነው አራቱንም ስናይ ነው።

የመጀመሪያው ከወሰኑ ውስጥ የገባው ገበሬ ነው። እርሻው ከተማ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ፣ ገበሬው ከይዞታው እንዳይፈናቀል ጥበቃ እንዳለውም ይናገራል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ ይከፈለዋል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኘው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። መሻሻሉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ገበሬው ያጣው ገቢውን ብቻ አይደለም። ሙያውን፣ የጎረቤቱን ደቦ፣ ዕድሩን፣ የአባቱን መቃብር ቅርበት ጭምር አጥቷል። በአንድ ቀን የተቀበለው ገንዘብ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከእህልና ከከብት ጋር ለኖረ ሰው እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምረው ከሌለ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አልቆ ባለመሬቱን በራሱ ማሳ ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው ከወሰኑ ውጭ የቀረው ገበሬ ነው። እርሱ መሬቱን ይዟል፤ እኛም በእርሱ ጤፍና አትክልት እንኖራለን። ነገር ግን የከተማው መብራትና የቧንቧ ውኃ ከደጁ ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሲቆሙ ያያል። «አንተ ስለ ሁላችን ገበሬ ሆነህ ቆይ» ካልነው፣ እኛ ደግሞ ስለ እርሱ ምን እናደርጋለን? መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትክክለኛ የእህል ዋጋ ሳይኖር እርሻን መጠበቅ ገበሬውን በድህነት ማሰር ይሆናል።

ሦስተኛው ቤት የሌለው የከተማ ነዋሪና ሥራ ፈላጊው ወጣት ነው። ወሰኑ በጠበበ ቁጥር በውስጡ ያለው መሬት ይወደዳል። ቤት ያለው ሰው በተኛበት ሀብቱ ሲጨምር፣ ተከራዩ በተኛበት ኪራዩ ይጨምርበታል። ስለዚህ ወሰንን የሚደግፍ ሁሉ፣ የሚደግፈው የእርሻውን መትረፍ አስቦ ነው ወይስ የራሱን ቤት ዋጋ አስቦ? ብሎ ኅሊናውን ሊመረምር ይገባል። በሩን ዘግቶ ክፍል የማይሠራ ወሰን ስስት ነው።

አራተኛው ገና ያልተወለደው ነው። በማንኛውም ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም፤ አቤቱታም አይጽፍም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በኮንክሪት የተሸፈነ ጥቁር አፈር ተመልሶ አይታረስም፤ የተበከለም ወንዝ ለመመለስ የትውልድ ዕድሜ ይፈልጋል። የምድር በረከት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ ነው ብለን ስናስተምር፣ «ሁሉ» በሚለው ቃል ውስጥ ነገ የሚመጡትም ይቈጠራሉ።

የናቡቴ ጥያቄ

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ግን መጨረሻውን፣ ማለት ግድያውን ነው። መጀመሪያውን ልብ ብለን እናንብብ። ንጉሥ አክዓብ የጀመረው በዝርፊያ አልነበረም። ምትክ የሚሆን የተሻለ የወይን ቦታ፣ ካልሆነም ዋጋውን በገንዘብ እንደሚሰጥ ተናገረ። በዛሬ አነጋገር ካሳም ምትክ ቦታም አቀረበ። በደሉ የገባው በሁለት በር ነው፦ የተፈለገው መሬት ለንጉሡ የግል አትክልት እንጂ ለሕዝብ አልነበረም፤ እንዲሁም የናቡቴ «አይሆንም» የሚል ቃል የሚሰማበት ስፍራ አልነበረውም።

ከዚህ የምንማረው ካሳ ብቻውን ፍትሕ እንደማይሆን ነው። ዓላማው በእርግጥ የጋራ መሆን አለበት፤ የሚነሣውም ሰው ከውሳኔው በፊት መሰማት አለበት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሰዎች ከመኖሪያቸው መነሣታቸው ግድ ሲሆን አስቀድሞ በቂ መረጃ እንዲሰጣቸው፣ የተሻለ መኖሪያ አማራጭ እንዲቀርብላቸውና እነርሱ ራሳቸው በጉዳዩ ተካፋይ እንዲሆኑ አሳስበዋል።

የዚህን አስፈላጊነት አገራችን በመራራ መንገድ አይታዋለች። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት የሚመለከተው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ተቀስቅሶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር ፕላኑ እንዲቀር ተወሰነ። ስለ ፖለቲካው መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ስለ መስመሩ የሚሰማው ከወሬ ከሆነ፣ መስመሩ በጎ ሐሳብ ቢይዝ እንኳ እንደ ስለት ይቈጠራል። ፕላኑ ቢቀርም የከተማው መስፋት አልቀረም፤ ያለ መስመርም ቢሆን ገበሬው ይነሣል።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ልጅ በዕድሉ ያድጋል እንደሚባለው ከተማም እንደ ዕድሉ ይደግ፤ ጌታችንስ ስለ ነገ አትጨነቁ ብሎ የለምን?» ይላሉ። ጌታችን የከለከለው ጭንቀትን እንጂ ማሰብን አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረው እርሱ ራሱ ነው። ዮሴፍም በግብፅ ስለ ሰባቱ የረሀብ ዓመታት ሳይጨነቅ ጎተራ ሠራ። ማሰብ ለነገው ወንድማችን ያለን ፍቅር ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሰው በፈለገው ቦታ የመኖር ነጻነት አለው፤ መስመር ነጻነትን ይነካል» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው። ነገር ግን መስመር በሌለበት ማን ነጻ እንደሆነ እንመልከት። ገንዘብ ያለው ሰው ከገበሬው በርካሽ ገዝቶ፣ ዋጋው እስኪወደድ አጥሮ ያስቀምጣል። ድሃው ሌሊት የጨረቃ ቤት ይሠራል፤ ካርታ የለውም፤ አንድ ቀን አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ገበሬውም ነገ ይወሰድብኛል ብሎ ስለሚፈራ ፍግ አይጨምርም፣ እርከን አይጠግንም፣ ችግኝ አይተክልም። መስመር በሌለበት የጠንካራው ነጻነት ይሰፋል፤ የደካማው ይጠባል። የታወቀና የተከበረ መስመር ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይናገራል።

የፍትሓዊ ወሰን መለኪያዎች

እንግዲህ ለከተማ ወሰን ማበጀት ተገቢ ነው ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን ማንኛውም ወሰን ፍትሓዊ ነው ማለታችን አይደለም። አራት መለኪያዎችን እናቀርባለን።

ወሰኑ የታወቀ ይሁን። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚነሡ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ምክክር እንዲደረግላቸው ያዛል። የእድገት ወሰን ይህን አንድ ዓመት ወደ አሥርና ወደ ሃያ ዓመት ሊያረዝመው ይችላል፤ ልጁን ማስተማር ለሚፈልግ አባት ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ወሰኑ የተቈጠረ ይሁን። ቤቱም ሥራውም፣ ውኃውም መንገዱም በአንድነት ይሰላ።

ወሰኑ የጋራ ሸክም ይሁን። እርሻ ከተማ ሲሆን የመሬቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ይህን ዋጋ የፈጠረው የአንድ ሰው ጥረት አይደለም፤ ስለዚህ ከትርፉ ለተነሣው ገበሬ ቤተሰብ፣ ለውጭው ገበሬ መንገድና ለድሃው ተከራይ ቤት ሊደርስ ይገባል።

በመጨረሻም ወሰኑ የሚታረም ይሁን። ሰው የወደፊቱን በሙሉ አያውቅም፤ ስለዚህ በታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ሥርዓት፣ ሁሉ እያየ ይመርመር። በድብቅ የሚንቀሳቀስ ድንበር ኦሪት የሚከለክለው የጎረቤትን ወሰን መግፋት ነው።

የእኛ ድርሻ

ምእመናን «እኛ ካርታ አንስል፤ ምን እናድርግ?» ይሉ ይሆናል። የምናደርገው አለ። ከከተማ ዳር መሬት የምንገዛ ሰዎች፣ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ከመሬቱ በኋላ ምን እንደሚበላ፣ የምንገዛውስ ልንኖርበት ነው ወይስ አጥረን ልናስቀምጠው ብለን እንጠይቅ። ቤት የምናከራይ፣ የጎረቤት ኪራይ ስለ ጨመረ ብቻ የእኛን መጨመር ግዴታ አለመሆኑን እናስብ። በቀበሌ ወይም በወረዳ ስለ ፕላን ውይይት ሲጠራ፣ አበል የለውም ብለን አንቅር፤ ያልተገኘንበት ስብሰባ ስለ ሌላው ይወስናልና።

በተለይ በከተሞች ዙሪያ ባሉ ቁምስናዎች የምታገለግሉ ካቴኪስቶች፣ ሕዝቡ የሚያምናችሁና ፊደል የምታውቁ ናችሁ። የመነሻ ማስታወቂያ ሲመጣ በቃል ከሚናፈሰው ወሬ አስቀድማችሁ ጽሑፉን አንብቡላቸው፤ የካሳው ስሌት እንዴት እንደሆነና ቅሬታ እስከ መቼ እንደሚቀርብ አስረዱአቸው። ገንዘቡ በባልና በሚስት ስም በጋራ እንዲቀመጥ ምከሩ፤ ከመከፈሉ በፊት እንጂ ከተከፈለ በኋላ ምክር አይረባምና። ከገጠር ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡትን ቤተሰቦች ደግሞ ጎብኙአቸው። ዕድራቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ለቅሶ ብቻቸውን እንዳይቀመጡ፣ አዲሱ ሰፈር ከጎረቤትነት ይጀምር።

ከተማ የሚታነጸው በብሎኬትና በብረት ነው፤ ከተሜ ግን በሰው ላይ ባለን አሳብ ይታነጻል። መስመሩን ስናሰምር በወዲህም በወዲያም ያለውን ሰው በስሙ የምናውቀው ያህል እናስብ፤ ያን ጊዜ እጃችን ከመፍጠኑ በፊት ጥቂት ይቆማል፤ ያ ጥቂት መቆም ለፍትሕ መጀመሪያ ነው።